የተሽከርካሪ የኤሌክትሪክ ክፍሎች አጠቃቀምና እንክብካቤ

ይህ መረጃ ለተሽከርካሪ ባለንብረቶችና ለአሽከርካሪዎች የተዘጋጀ ነው። ከፋብሪካ ተገጥመው የሚመጡ የኤሌክትሪክ ክፍሎች፣ ማለትም ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ፊውዝ፣ መብራቶች፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የመስኮት ማንሻና የመሳሰሉት እንዴት እንደሚሠሩ፣ በምን ዓይነት ጥንቃቄ ሊያዙ እንደሚገባና ባለሙያ መጥራት የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ያብራራል።

የኤሌክትሪክ ብልሽት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ፊውዝ ደጋግሞ ይቃጠላል፤ መብራት ይደበዝዛል፤ ሞተር ጠዋት ጠዋት በድካም ይነሣል፤ የሚቃጠል ፕላስቲክ ይሸታል። አደጋ የሚመጣው በአመዛኙ ምልክቱ ችላ ሲባል ወይም የምልክቱ መንስኤ ሳይፈለግ ምልክቱ ብቻ እንዲጠፋ ሲደረግ ነው። የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ መተካት ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። መብራቱ ለጊዜው ይበራል፤ እሳትን ይከላከል የነበረው ክፍል ግን ከቦታው ተነሥቷል።

የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ አሠራር

አብዛኞቹ የቤት አውቶሞቢሎችና አነስተኛ ተሽከርካሪዎች በ12 ቮልት፣ ብዙዎቹ የጭነት ተሽከርካሪዎችና ትልልቅ አውቶቡሶች ደግሞ በ24 ቮልት ይሠራሉ። የሥርዓቱ ዋና ዋና ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው።

ባትሪ፦ ሞተሩ ባልተነሣበት ጊዜ ለመብራቶችና ለሌሎች ዕቃዎች፣ በማስነሻ ጊዜም ለሞተሪኖ ኃይል ይሰጣል።

ሞተሪኖ፦ ሞተሩን የሚያስነሣው ክፍል ነው። ከሁሉም የበለጠ ኃይል የሚወስደው እርሱ በመሆኑ የባትሪ ድካም በመጀመሪያ የሚታወቀው በማስነሻ ጊዜ ነው።

ዲናሞ፦ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በቺንጋ እየተሽከረከረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ባትሪውንም መልሶ ይሞላል።

ፊውዝና ሪሌ፦ ፊውዝ ከመጠን በላይ የሆነ ኃይል ሲያልፍ ቀልጦ መስመሩን ይቆርጣል። ሪሌ በአነስተኛ ኃይል ታዝዞ ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፍ ማብሪያና ማጥፊያ ነው።

ማሳ፦ የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ከተሽከርካሪው አካልና ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ማሳው ሲላላ ወይም ሲዝግ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ የሚመስሉ ችግሮች ይታያሉ። ለምሳሌ ፍሬን ሲያዝ የፍሬቻው መብራት አብሮ የሚደበዝዝ ከሆነ በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው የመብራቱ ማሳ ነው።

ባትሪ

በሚገባ የተሞላ የ12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ለተወሰኑ ሰዓታት ከቆየ በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.4 ቮልት ከሆነ ሦስት አራተኛ ያህል እንደተሞላ፣ ወደ 12 ቮልት ከወረደ ግን ለማለቅ እንደተቃረበ ይቆጠራል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲለካ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በ13.8 እና በ14.5 ቮልት መካከል መሆን አለበት። ከዚህ በግልጽ ካነሰ ዲናሞው በበቂ ሁኔታ እየሞላ አይደለም፤ ከበለጠ ደግሞ ባትሪውንና መብራቶቹን ሊያቃጥል ይችላል። ይህንን ልኬት ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪሺያን በአጭር ጊዜ ሊሠራው ስለሚችል፣ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ማስለካት አላስፈላጊ ወጪን ያስቀራል። ብልሽቱ የዲናሞ ሆኖ ሳለ ባትሪ ብቻ ቢቀየር አዲሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል።

ሞተሩ ጠፍቶ መብራት ሲረሳ ባትሪው ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል በቀላሉ ማስላት ይቻላል። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት መብራቶች ከ9 አምፔር በላይ ይወስዳሉ፤ የኋላና የጎን መብራቶች ሲጨመሩ ወደ 11 አምፔር ይደርሳል። 45 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በዚህ ሁኔታ በአራት ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ሞተር የማስነሣት አቅሙን የሚያጣው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። 5 ዋት የሆነች የውስጥ መብራት እንኳ በቀን 10 አምፔር ሰዓት ያህል ስለምትወስድ፣ በር በደንብ ሳይዘጋ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የቆመ ተሽከርካሪ ላይነሣ ይችላል።

ባትሪ በሙቀትም በቅዝቃዜም ይጎዳል። በቆላማ አካባቢዎች ሙቀቱ የባትሪውን ውሃ ያተናል፤ የውስጥ ክፍሎቹንም ቶሎ ያስረጃል። በደጋ አካባቢ ደግሞ የጠዋት ቅዝቃዜ አቅሙን ስለሚቀንሰው ያረጀ ባትሪ ድካሙ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። በከተማ ውስጥ አጫጭር ጉዞ ብቻ የሚያደርግ ተሽከርካሪ በማስነሻ ጊዜ ያጠፋውን ኃይል መልሶ ለመሙላት በቂ ጊዜ ስለማያገኝ፣ አልፎ አልፎ ረዘም ያለ ጉዞ ማድረጉ ወይም በባትሪ መሙያ መሞላቱ ይጠቅማል።

ለባትሪ ሊደረግ የሚገባው መደበኛ እንክብካቤ የሚከተለው ነው።

• ባትሪው በማሰሪያው በጥብቅ መታሰሩን ማረጋገጥ። የላላ ባትሪ በኮረኮንች መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ውስጡ ይሰበራል፤ ጫፉም ብረት ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

• በጫፎቹ ላይ የሚታየውን ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት በሞቀ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ማጽዳት፣ ማድረቅና ቫዝሊን ወይም ግራሶ መቀባት። ድብልቁ ክዳን ባላቸው ባትሪዎች ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

• ክዳናቸው የሚከፈት ባትሪዎች የውሃ መጠናቸው ሲጎድል የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ መጨመር። የቧንቧ ውሃ በውስጡ ባሉት ማዕድናት ምክንያት ባትሪውን ይጎዳል። አሲድ መጨመርም ተገቢ አይደለም።

• ባትሪ ሲፈታ በመጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ሲታሰር ደግሞ በመጀመሪያ ፖዘቲቩን ማያያዝ። ይህ ቅደም ተከተል መፍቻው ፖዘቲቩንና የተሽከርካሪውን አካል በአንድ ጊዜ ቢነካ ኮንታክት እንዳይፈጠር ይከላከላል።

• በባትሪ አጠገብ አለማጨስ፣ ክብሪት ወይም ሻማ አለማብራት። ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ የሚወጣው የሃይድሮጂን ጋዝ በቀላሉ ይፈነዳል። የባትሪ አሲድ ዓይንን ወይም ቆዳን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ያገለገለ ባትሪ እርሳስና አሲድ ስላለበት በቆሻሻ መጣያ ሊጣል፣ አሲዱም መሬት ላይ ሊደፋ አይገባም። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አሮጌው ባትሪ ሳይከፈት፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ተቀምጦ አዲሱን ለሸጠው ነጋዴ ወይም ለሰብሳቢ መመለስ ይኖርበታል።

ባትሪ ሲያልቅ በሌላ ተሽከርካሪ ማስነሣት

በመጀመሪያ ሁለቱም ተሽከርካሪዎች እኩል ቮልት የሚጠቀሙ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። የ12 ቮልት አውቶሞቢልን በ24 ቮልት የጭነት ተሽከርካሪ ለማስነሣት መሞከር የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹን ያቃጥላል። የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ባትሪ በዚህ መንገድ ሊነሣ አይገባም። ተሽከርካሪዎቹ ሳይነካኩ ይቀራረባሉ፤ ሞተራቸው ይጠፋል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ መብራትና ሬዲዮ ይዘጋል። ከዚያም ገመዶቹ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይያያዛሉ።

1. የቀዩ ገመድ አንድ ጫፍ ካለቀው ባትሪ ፖዘቲቭ ጋር፤

2. የቀዩ ገመድ ሌላ ጫፍ ከደህናው ባትሪ ፖዘቲቭ ጋር፤

3. የጥቁሩ ገመድ አንድ ጫፍ ከደህናው ባትሪ ኔጌቲቭ ጋር፤

4. የጥቁሩ ገመድ ሌላ ጫፍ ባትሪው ባለቀበት ተሽከርካሪ ሞተር ላይ ከሚገኝ፣ ቀለም ካልተቀባና ከባትሪው ከራቀ ብረት ጋር።

የመጨረሻው ጫፍ በራሱ በባትሪው ላይ የማይያያዘው በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ብልጭታ ከባትሪው የሚወጣውን ጋዝ እንዳያቀጣጥል ነው። ደህናው ተሽከርካሪ ተነሥቶ ለጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ሌላው እንዲነሣ ይደረጋል። ሞተሪኖ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ መያዝ የለበትም፤ በሙከራዎች መካከልም ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ እንዲያርፍ መተው አለበት። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ገመዶቹ በተያያዙበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይፈታሉ። ጫፎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሞተሩ እንደሠራ የባትሪን ገመድ ፈትቶ ለሌላ ተሽከርካሪ ማበደር በአንዳንድ አሽከርካሪዎች ዘንድ ይታያል። ይህ ድርጊት በዘመናዊ ተሽከርካሪዎች ላይ ድንገተኛ የቮልት መናር ስለሚያስከትል የሞተሩን ኮምፒዩተርና ዲናሞውን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሊደረግ አይገባም።

ፊውዝ

ፊውዝ በዋናነት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። እያንዳንዱ መስመር የሽቦው ውፍረት በሚችለው ልክ ፊውዝ ተመድቦለታል። ለ10 አምፔር በተሠራ መስመር ላይ የ30 አምፔር ፊውዝ ቢገባ፣ ብልሽት ሲፈጠር ፊውዙ ከመቅለጡ በፊት ሽቦው ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ አጠገቡ ያለውን ምንጣፍ ወይም ፕላስቲክ ያቀጣጥላል። በፊውዝ ፋንታ የመዳብ ሽቦ ወይም የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ማስገባት ከዚህ የባሰ ነው፤ መስመሩ ያለ ምንም ጥበቃ ይቀራል።

በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች የሚገኙት ጠፍጣፋ ፊውዞች መጠናቸው በላያቸው ተጽፏል፤ በቀለማቸውም ይለያሉ። 5 አምፔር ፈዛዛ ቡናማ፣ 7.5 አምፔር ቡናማ፣ 10 አምፔር ቀይ፣ 15 አምፔር ሰማያዊ፣ 20 አምፔር ቢጫ፣ 25 አምፔር ነጭ ወይም ቀለም የሌለው፣ 30 አምፔር አረንጓዴ ነው። የፊውዝ ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች ወይም በሞተር ክፍሉ ውስጥ ይገኛል። የትኛው ፊውዝ ለየትኛው ዕቃ እንደሆነ በሳጥኑ ክዳን ላይ ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ተመልክቷል።

አንድ ዕቃ መሥራት ሲያቆም ቁልፉ ጠፍቶ ፊውዙ ይነቀላል፤ በመካከሉ ያለው ቀጭን ብረት ተቆርጦ እንደሆነም ይታያል። ተቆርጦ ከሆነ በእኩል መጠን ይተካል። አዲሱም ወዲያውኑ ከተቃጠለ በመስመሩ ላይ ኮንታክት አለ ማለት ነውና ሦስተኛ ፊውዝ ማስገባት አያስፈልግም፤ ዕቃው ሳይሠራ ቆይቶ ተሽከርካሪው ለባለሙያ መቅረብ አለበት። በየተሽከርካሪው ከእያንዳንዱ መጠን አንድ ወይም ሁለት መጠባበቂያ ፊውዝ መያዝ ወጪው አነስተኛ ነው፤ በሌሊት መንገድ ላይ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

መብራቶችና ፍሬቻ

የተሽከርካሪ መብራት ሁለት አገልግሎት አለው፤ አሽከርካሪው እንዲያይ ያደርጋል፤ ተሽከርካሪውም እንዲታይ ያደርጋል። የኋላ መብራቱ የጠፋ ተሽከርካሪ አሽከርካሪ ከፊቱ ያለውን መንገድ በሚገባ ስለሚያይ ጉድለቱን አያውቀውም፤ ከኋላ የሚመጣው ግን የሚያውቀው ከተጠጋ በኋላ ነው። ስለሆነም መብራቶችን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜና ከረጅም ጉዞ በፊት ሁልጊዜ መፈተሽ ያስፈልጋል። የፍሬን መብራትን የሚያይ ሌላ ሰው በማይኖርበት ጊዜ ተሽከርካሪውን በምሽት በግድግዳ አጠገብ በጀርባው አቁሞ ፍሬን በመርገጥ ነጸብራቁን በመስታወት መመልከት ይቻላል።

ፍሬቻ ከወትሮው በፍጥነት ብልጭ ድርግም ሲል ብዙውን ጊዜ በዚያ ጎን ያለ አንድ አምፖል መቃጠሉን ያመለክታል። አራቱም ፍሬቻዎች በአንድነት የሚበሩበት የአደጋ ጊዜ ማመልከቻ የሚያገለግለው ተሽከርካሪው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ሲቆም ወይም ለሌሎች አደጋ ሊሆን በሚችልበት ሁኔታ ነው። በዝናብና በጉም ውስጥ በጉዞ ላይ እያሉ ማብራት የመታጠፊያ ምልክትን ስለሚሰውር ሌላውን አሽከርካሪ ያሳስታል።

አምፖል ሲቀየር የሚከተሉት ነጥቦች ሊጤኑ ይገባል። ብዙዎቹ የፊት አምፖሎች ለአጭር መብራት 55፣ ለረጅም መብራት 60 ዋት ናቸው። ከዚህ የበለጠ ዋት ያለው አምፖል ማስገባት የሶኬቱን ፕላስቲክ ያቀልጣል፤ የመብራቱን አንጸባራቂ ያበላሻል፤ ፊት ለፊት የሚመጣውንም አሽከርካሪ ዓይን ያጭበረብራል። የሃሎጂን አምፖል መስታወት በባዶ እጅ መነካት የለበትም፤ ከጣት የሚቀር ቅባት በሚግልበት ጊዜ ያፈነዳዋል። በሃሎጂን ቤት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መተካትም ብርሃኑ የሚያርፍበትን ቦታ ሊያዛባ ይችላል።

የፊት መብራት አቅጣጫ ከብርሃኑ ኃይል እኩል አስፈላጊ ነው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል የሚነዳባት አገር ናት። በግራ በኩል ለሚነዳባቸው አገሮች የተሠራ የፊት መብራት አጭሩ ብርሃን ወደ ግራ ከፍ ስለሚል፣ በእኛ መንገድ ላይ የእግረኛውን ዳር ትቶ ፊት ለፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይመታል። መሪው ወደ ግራ የተዛወረለት ተሽከርካሪ የፊት መብራቱ አብሮ መቀየሩን ባለንብረቱ ሊያረጋግጥ ይገባል። የከፍታውን ልክ ለማየት ተሽከርካሪው በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ የአጭሩ ብርሃን የላይኛው ጠርዝ በግድግዳው ላይ ከመብራቱ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። በኋላ ከባድ ጭነት ሲጫን የፊት መብራት ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ ማስተካከያ ያላቸው ተሽከርካሪዎች በዚያው ልክ ዝቅ እንዲሉ ይደረጋል።

የዝናብ መጥረጊያ፣ ክላክስ፣ መስኮትና አየር ማቀዝቀዣ

የዝናብ መጥረጊያ በደረቅ መስታወት ላይ ሊሠራ አይገባም፤ አቧራው መስታወቱን ይፋቅበታል። በመጀመሪያ ውሃ ይረጫል፤ ቀጥሎ ይጠረጋል። መጥረጊያው በጭቃ ወይም በቅጠል ተይዞ ሳለ ማብሪያውን ከፍቶ መተው ሞተሩን ያቃጥላል። ጎማው የጠነከረ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ክረምት ከመግባቱ በፊት መቀየር ተገቢ ነው።

ክላክስ ድምፁ ከቀነሰ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በማያያዣው ላይ ያለ ዝገት ወይም በመታጠብ ጊዜ የገባ ውሃ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመስኮት ማንሻ የሕፃንን እጅ ወይም አንገት ለመጉዳት በቂ ኃይል አለው። ሁሉም መስኮቶች ዕቃ ሲነካቸው በራሳቸው የሚመለሱ አይደሉም። ሕፃናት በሚሳፈሩበት ጊዜ በአሽከርካሪው በር ላይ የሚገኘው የኋላ መስኮቶች መቆለፊያ ሊዘጋ፣ ከመኪና ሲወረድም ቁልፉ አብሮ ሊወሰድ ይገባል። ሕፃን በምንም ሁኔታ ብቻውን በመኪና ውስጥ መተው የለበትም። መስኮቱ ሲወጣ የሚያቃስት ወይም የሚዘገይ ከሆነ በሐዲዱ ውስጥ ያለው አቧራ መጽዳት አለበት፤ በግድ እንዲወጣ ደጋግሞ መጫን ሞተሩን ያቃጥላል።

የኋላ መስታወት ማሞቂያ በመስታወቱ ላይ የተሣሉ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። በስለታም ነገር መፋቅ ወይም ማስታወቂያ ለጥፎ መላጥ መስመሮቹን ይቆርጣል። ከፍተኛ ኃይል ስለሚወስድ መስታወቱ እንደጠራ መጥፋት አለበት። የፊት መስታወት በጉም ሲሸፈን አየር ማቀዝቀዣውን ከሙቀት ጋር አብሮ ማብራት እርጥበቱን ስለሚያደርቅ በእጅ ከመጥረግ የተሻለ ነው።

የማስጠንቀቂያ መብራቶች

ቁልፉ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ ያሉት የማስጠንቀቂያ መብራቶች ለጥቂት ሰከንድ በርተው ከዚያ ይጠፋሉ። ይህ ሥርዓቱ ራሱን የሚፈትሽበት ጊዜ ነው። በአጠቃላይ ቀይ መብራት ተሽከርካሪውን በጥንቃቄ አቁሞ መመርመር፣ ቢጫ መብራት ደግሞ ሳይዘገዩ ማስመርመር እንደሚያስፈልግ ያመለክታል።

በጉዞ ላይ የባትሪ ምልክት ያለበት ቀይ መብራት ከበራ ዲናሞው ኃይል መስጠት አቁሟል ማለት ነው። አላስፈላጊ ዕቃዎችን ዘግቶ በቅርብ ወደሚገኝ ጋራዥ መድረስ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን በብዙ ተሽከርካሪዎች የዲናሞው ቺንጋ የሞተሩን የውሃ ፓምፕም ስለሚያሽከረክር በቅድሚያ ቺንጋው መኖሩን ማየትና የሙቀት መለኪያውን መከታተል ያስፈልጋል። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ወይም ሙቀቱ ከፍ ካለ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት።

የኤርባግ ምልክት ሳይጠፋ ከቆየ በአደጋ ጊዜ ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል። የኤርባግ መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ በቢጫ ማያያዣ ይለያሉ፤ ልዩ ሥልጠና በሌለው ሰው ሊፈቱ ወይም በመለኪያ ሊነኩ አይገባም።

ያገለገለ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰው ቁልፉ ሲከፈት መጥፋታቸውን ብቻ ሳይሆን መብራታቸውንም መመልከት አለበት። የኤርባግ ወይም የፍሬን ማስጠንቀቂያ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ብልሽቱን ለመደበቅ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ተጨማሪ ዕቃዎችን ማስገጠም

ከፋብሪካ ያልመጡ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ተጨማሪ መብራት፣ የድምፅ ማጉያ፣ ማንቂያና መከታተያ መሣሪያ፣ የራሳቸው ፊውዝና በቂ ውፍረት ያለው ሽቦ ሊኖራቸው ይገባል። ነባሩን ሽቦ ልጦ በፕላስተር ብቻ ማያያዝ በመንቀጥቀጥና በሙቀት ጊዜ ይላላል፤ ኮንታክትም ይፈጥራል። ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ በሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጥበቃ የለውምና።

የሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት ለስልክ መሙያና ለመሳሰሉት አነስተኛ ዕቃዎች ያገለግላል። 10 አምፔር ፊውዝ ያለው ሶኬት በ12 ቮልት 120 ዋት ብቻ ይሰጣል። 300 ዋት የሚጠይቅ ዕቃ በኢንቨርተር በኩል ማገናኘት ከ25 አምፔር በላይ ስለሚስብ ፊውዙን ያቃጥላል፤ ፊውዙ በትልቅ ተተክቶ ከሆነም ሽቦውን ያግላል።

የሞተር ክፍልን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ ውሃን ወደ ማያያዣዎች፣ ወደ ዲናሞና ወደ ፊውዝ ሳጥን ያስገባል። ለረጅም ጊዜ በቆመ ተሽከርካሪ ደግሞ አይጥ ሽቦ መብላቷ የተለመደ በመሆኑ ከማስነሣት በፊት የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ማየት ይመከራል። በጎርፍ ውስጥ የቆመ ተሽከርካሪ ሳይመረመር ሊነሣ አይገባም።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በመንገዶቻችን ላይ በስፋት ይታያሉ። እነዚህም ተሽከርካሪዎች ከዋናው ባትሪ ሌላ ለመብራት፣ ለበር መቆለፊያና ለኮምፒዩተር የሚያገለግል የ12 ቮልት ባትሪ በአብዛኛው አላቸው። ዋናው ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ ተሽከርካሪው አልነሣ ሲል አንዱ የተለመደ ምክንያት የዚህ ትንሽ ባትሪ መድከም ነው።

ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያስተላልፉ ስለሆኑ ባለንብረቱም ሆነ ልዩ ሥልጠና የሌለው መካኒክ ሊነካቸው አይገባም።

በቤት ውስጥ ሲሞላ ተሽከርካሪው ለብዙ ሰዓታት ያለማቋረጥ ኃይል ይወስዳል። በ220 ቮልት መስመር 10 አምፔር መውሰድ 2.2 ኪሎ ዋት ሲሆን፣ ለቴሌቪዥን ወይም ለመብራት የተዘረጋ ቀጭን መስመር ይህንን ሌሊቱን ሙሉ ላይችለው ይችላል። ስለዚህ ከቆጣሪው በኋላ የራሱ መቆጣጠሪያና የመሬት መስመር ያለው ለብቻው የተዘረጋ መስመር ያስፈልጋል። በተለይ የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ ሙቀት ስለሚያምቅ ጥቅም ላይ መዋል የለበትም። ሶኬቱ ሲዳሰስ የሚያቃጥል ከሆነ መሙላቱ ወዲያውኑ ሊቋረጥ ይገባል።

የእሳት ምልክት ሲታይ

የሚቃጠል ፕላስቲክ ሲሸት ወይም ጭስ ሲታይ ተሽከርካሪው ከመንገድ ዳር ይቆማል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ተሳፋሪዎች በሙሉ ወርደው ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃሉ። ከሞተር ክዳን ሥር ጭስ ሲወጣ ክዳኑን በሰፊው መክፈት አየር አስገብቶ እሳቱን ያባብሰዋል። የዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ያለው ሰው እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነ በጥቂት ክፍተት በኩል ሊረጭ ይችላል። እሳቱ ከተስፋፋ ንብረትን ለማዳን መመለስ አይገባም። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥር 939 ነው። እሳቱ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ከሆነ ይህንኑ ለጠሪው ተቀባይ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ከዋናው ባትሪ የተነሣ እሳት ጠፍቶ ከቆየ በኋላም እንደገና ሊነሣ ይችላልና።

ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ዝግጅት

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። ባለንብረቱ ወደ ምርመራው ከመቅረቡ በፊት የሚከተሉትን ራሱ ሊፈትሽ ይችላል።

• አጭርና ረጅም የፊት መብራት በሁለቱም ጎን መሥራታቸውን፤

• የፍሬን፣ የኋላ፣ የኋላ ማርሽና የሰሌዳ መብራቶችን፤

• አራቱን ፍሬቻዎችና የአደጋ ጊዜ ማመልከቻውን፤

• ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የውሃ መርጫውን፤

• የባትሪውን ማሰሪያና የጫፎቹን ንጽሕና፤

• የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን መኖሩን፣ በውስጡም ሽቦ ወይም ከተመደበው መጠን የበለጠ ፊውዝ አለመኖሩን፤

• ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የማስጠንቀቂያ መብራቶች በሙሉ መጥፋታቸውን።

የመብራት ሽፋን ተሰብሮ ወይም ደብዝዞ ከሆነ፣ ፊውዝ በተደጋጋሚ የሚቃጠል ከሆነ፣ ባትሪው በሌሊት ያለ ምክንያት የሚያልቅ ከሆነ ወይም የኤርባግና የፍሬን ማስጠንቀቂያ ከበራ ሥራው የባለሙያ ነው። ባለንብረቱ ጥገና ሲያሠራ የብልሽቱ መንስኤ እንዲነገረው፣ የተቀየረው ዕቃ እንዲታየው፣ የተሠራው ሥራም በደረሰኝ ላይ በዝርዝር እንዲጻፍለት መጠየቅ ይገባዋል። «ፊውዙ ተቀይሯል» የሚል መልስ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ፊውዙ ለምን እንደተቃጠለም መታወቅ አለበት።